ሜዳው ሲጨልም

ባለፈው የገና ሰሞን ከወልድያ ወደ መርሳ ስንወርድ፣ ከመንገዱ ዳር ማሽላው በታጨደበት ማሳ ላይ ልጆች የገና ጨዋታ ሲጫወቱ አየንና መኪናችንን አቁመን ወረድን። ጫፉ የቆለመመው ዱላ ሲወናጨፍ፣ ሩሯ አቧራውን እየሰነጠቀች ስትበር፣ ሁላችንም የልጅነት ዘመናችን ትዝ አለን። ከልጆቹ አጠገብ አንድ ጠጉሩ ገብስማ የሆነ ሰው እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆሞ፣ «እግርህን ክፈት፣ ቀና በል!» እያለ ይመክራቸዋል። አብሮን የነበረው የሐብሩ ተወላጅ ወዳጃችን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ይህ ሰው በጉብዝናው ዘመን ስሙ በየሜዳው የሚጠራ የእግር ኳስ ተጫዋች እንደ ነበረ ነገረን። «ዛሬስ ሥራው ምንድን ነው?» ብለን ጠየቅነው። «ምን ሥራ አለው፤ ተጫዋች ነበረ እንጂ» ሲል መለሰልን።

ይህ «ነበረ» የምትለው ቃል መንገዱን ሁሉ ስታሳስበን ዋለች። መምህር ቢያረጅ መምህር ይባላል፤ ሐኪምም ሐኪም፣ ግንበኛም ግንበኛ እንደ ተባለ ይኖራል። የተጫዋች ሞያ ግን ገና በጎልማሳነቱ «ነበረ» የሚባልበት ሞያ ነው። ሒሳቡን እንመልከት። አንድ ልጅ በ18 ዓመቱ ለክለብ ተቀጥሮ መጫወት ቢጀምርና ጉልበቱ ሳይጎዳ በ33 ዓመቱ ቢያቆም ዕድለኛ ነው። በሀገራችን ሕግ ግን የጡረታ ዕድሜ 60 ዓመት ነው። በመካከሉ 27 ዓመት አለ። ጭብጨባው ካበቃበት ቀን ጀምሮ እስከ ጡረታው ድረስ ያለው ዘመን፣ ከተጫወተበት ዘመን እጥፍ ሊሆን ምንም ያህል አይቀረውም። በዚህ ዘመን ውስጥ ልጆች ይወለዳሉ፤ የቤት ኪራይ ይከፈላል፤ እናትና አባት ይጦራሉ። ታዲያ ይህን ሁሉ በምን ሊችለው ነው?

ነገሩ የኛ ሀገር ችግር ብቻ አይደለም። በካናዳ አገር በክረምት ውሃው ሲረጋ የተጀመረ፣ አይስ ሆኪ የሚባል ጨዋታ አለ። የገናን ጨዋታ ለሚያውቅ የሐብሩ ልጅ ነገሩ ብዙ እንግዳ አይሆንበትም። ዱላው ያው ጫፉ የታጠፈ ነው፤ ልዩነቱ ሩሯ ጠፍጣፋ የጎማ ክብ መሆኗና ተጫዋቾቹ ከሥሩ ስለት ባለው ጫማ በበረዶ ላይ እየተንሸራተቱ የሚጫወቱ መሆናቸው ነው። በዚህ ጨዋታ ኬን ድራይደን የሚባል የሞንትሪያል ካናዲየንስ ክለብ በረኛ ነበር። በተጫወተባቸው 8 የውድድር ዘመናት 6 ጊዜ ታላቁን የስታንሊ ዋንጫ ከጓደኞቹ ጋር አንሥቷል። እኛን ያስደነቀን ግን የዋንጫው ብዛት አይደለም። ይህ ሰው እየተጫወተ በማክጊል ዩኒቨርሲቲ ሕግ ይማር ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1973 ከክለቡ ጋር በደመወዝ ባይስማማ፣ ዝናውን ትቶ አንድ ዓመት ሙሉ በቶሮንቶ ከተማ በጠበቆች ቢሮ ውስጥ እንደ ማንኛውም ጀማሪ የሥራ ልምምድ አደረገ። ከዚያም ወደ ጨዋታው ተመለሰ። በ1979 ገና 31 ዓመቱ ሳለ በፈቃዱ ጨዋታ አቆመ። ከዚያ በኋላ ስለ ተጫዋች ኑሮ የታወቀ መጽሐፍ ጻፈ፤ በ2004 የፓርላማ አባል ሆኖ ተመረጠና የማኅበራዊ ልማት ሚኒስትር ሆነ። በ2025 በ78 ዓመቱ ሲሞት ሀገሩ ያዘነችው ለበረኛው ብቻ አልነበረም።

ምናልባት አንባቢ «ካናዳ ሀብታም አገር ናት፤ የነሱ ነገር ለኛ ምሳሌ አይሆንም» ይለን ይሆናል። እንግዲያው ወደ ራሳችን እንመለስ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪቃን ዋንጫ ስትወስድ፣ ዋንጫውን ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ የተቀበለው የቡድኑ አምበል ሉቻኖ ቫሳሎ ነበር። ሉቻኖ በ1927 ዓ.ም. አስመራ ከተማ ከኤርትራዊት እናትና ከኢጣሊያዊ ወታደር አባት ተወለደ። ያለ አባት በችግር ያደገ ልጅ ነበርና ኳሱን ከመካኒክነት ሥራ ጋር አብሮ ያዘው። በዚያ ቀን እሱም ወንድሙ ኢታሎም ግብ አግብተዋል፤ የመጨረሻዋን ያገባው መንግሥቱ ወርቁ ነበር። ሉቻኖ ለድሬዳዋው የኮተን ክለብም ተጫውቷል።

ከዚያ ቀን በኋላ ግን ምን ሆነ? በደርግ ዘመን ይህ ሰው ሀገር ጥሎ ለመሰደድ ተገደደ። በሮም አጠገብ ባለችው በኦስቲያ ከተማ ኑሮውን እንደገና ሲጀምር፣ ዋንጫውን ያነሣ ሰው መሆኑ እንጀራ አልሆነለትም። የረዳው በልጅነቱ እጁ የለመደው ሞያና ልጆችን ኳስ የማስተማር ችሎታው ነው። የሕይወቱን ታሪክ በኢጣሊያንኛ ባሳተመ ጊዜ ለመጽሐፉ የሰጠው ስም በአማርኛ «እማዬ፣ ገንዘቡ ይኸው» እንደ ማለት ነው። በ2015 ዓ.ም. መስከረም በዚያው በስደት ሀገሩ አረፈ። ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ ሞያ ያለው እጅ ባለቤቱን በባዕድ አገርም እንደማይጥለው ነው። ሁለተኛው ግን የሚያሳፍር ነው፤ ሀገር የጀግናዋን ስም እየጠራች ጀግናውን ልትረሳው ትችላለች።

የሻምበል አበበ ቢቂላም ኋለኛ ዘመን ለዚህ ነገር ምስክር ነው። በ1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ እግሮቹ አልታዘዝ ካሉት በኋላ፣ በእንግሊዝ አገር በአካል ጉዳተኞች ውድድር ቀስት ወረወረ፤ በኖርዌይም ውሻ በሚጎትተው የበረዶ ጋሪ ተወዳድሮ አሸነፈ። በ1966 ዓ.ም. እስኪያርፍ ድረስ «ሯጭ ነበርሁ» ብሎ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ነገር ግን እንዲህ ያለ መንፈስ ለጥቂቶች የተሰጠ ነው። ሌላው ሰው ከመንፈሱ በተጨማሪ ደንብና ድጋፍ ያስፈልገዋል።

እንግዲህ ወደ ወልድያ እንምጣ። በ2009 ዓ.ም. ጥር ወር በዚህች ከተማ የተመረቀው የሼህ ሙሐመድ ሁሴን አሊ አል-አሙዲ ስታዲየም 25 ሺህ ያህል ሰው ይይዛል። በዚያው ዓመት የወልድያ ክለብ በፕሪሚየር ሊግ ይጫወት ነበር፤ በ2010 ዓ.ም. ግን ወረደ። ሕንፃው ጸንቶ ሲቆም፣ የክለብ ዕድል ግን እንደ ሐብሩ ዝናብ መጥቶ ይሄዳል። ክለብ ሲወርድ በጀቱ ይወርዳል፤ በጀቱ ሲወርድ አስቀድሞ የሚሰናበተው ተጫዋቹ ነው። መርሳ ላይ ያየነውም ሰው ጉልበቱ በተጎዳ ጊዜ ስሙን የማንጠራው ክለቡ የሁለት ወር ደመወዝ ሰጥቶ አሰናብቶታል። ውል ነበረው ወይ ብለን ብንጠይቅ፣ ወረቀቱን ያየው ሰው አልተገኘም።

ስለዚህ በየወረዳውና በየከተማው አስተዳደር ለተቀመጣችሁ ወጣት ሹማምንት የምንለው አለን። አንደኛ፣ ከተጫዋች ጋር የሚደረገው ውል በጽሑፍ ይሁን፤ ቅጂውም በራሱ በተጫዋቹ እጅ ይቀመጥ። ሁለተኛ፣ የጡረታ መዋጮው ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ መከፈሉን ጠይቁ። ዛሬ ያልተከፈለ መዋጮ ከ30 ዓመት በኋላ ቢፈለግ አይገኝም። ሦስተኛ፣ ተጫዋቹ በሳምንት ጥቂት ሰዓት የሚማርበትን ጊዜ ውሉ ውስጥ አስገቡለት። ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ያላት ከተማ ናት፤ በመርሳም የግብርና ትምህርት ይሰጣል፤ የጠፋው አሳብ እንጂ ቦታ አይደለም። አራተኛ፣ ለትምህርት ቤት የስፖርት አሠልጣኝ ሲፈለግ፣ ጨዋታ ያቆሙት ሰዎች ተገቢውን ሥልጠና እየወሰዱ ቀድመው ይታሰቡ። ይህ ምጽዋት አይደለም፤ በ15 ዓመት ልፋት የተገኘ ዕውቀት መሬት ላይ ፈስሶ እንዳይቀር ማድረግ ነው።

«ሁለት ነገር የያዘ ተጫዋች አንዱንም በደንብ አይዘውም» የሚሉ አሠልጣኞች አሉ። ነገሩ ከቶ ሐሰት ነው አንልም፤ የደከመ ሰው መጽሐፍ ሲገልጥ ዓይኑ ይከደናል። ነገር ግን ድራይደን ከጠበቆቹ ቢሮ ከተመለሰ በኋላ፣ ክለቡ ከ1976 እስከ 1979 በተከታታይ 4 ጊዜ ዋንጫውን ወስዷል። ነገን የማይፈራ ሰው ዛሬ ልቡ ሳይከፈል ይጫወታል። ጉልበቱ ባመመው ቁጥር «ልጆቼ ምን ይበላሉ?» ብሎ የሚደነግጥ ተጫዋች ግን ግማሽ ልቡ ከሜዳው ውጭ ነው።

ለተማሪዎችም አንድ ቃል አለን። ኳስ ተጫወቱ፤ ሩጡ፤ በገናም ቀን ዱላችሁን ይዛችሁ ውጡ። ጨዋታ ሰውነትን ያጠነክራል፤ መሸነፍንም ያለ ቂም መቀበልን ያስተምራል። ደብተራችሁን ግን ለክለብ ብላችሁ አትጣሉ። ክለብ የሚፈልገው እግራችሁን ነው፤ እግር ሲዝል ሌላ እግር ይፈልጋል። የቀረውን ሰውነታችሁን የምትፈልጉት እናንተ ራሳችሁ ናችሁና፣ እናንተው ጠብቁት።

ያን ቀን ፀሐይ ወደ ተራራው ስታዘቀዝቅ ከመርሳው ሰው ጋር ተጨባበጥን። ልጆቹን የሚያስተምርበት ክፍያ አለው ወይ ብለን ጠየቅነው። ሳቀና፣ «ማንም ቅጠረኝ አላልሁም፤ ዝም ብዬ ሳያቸው ያጠፋሉ፤ ሲያጠፉ ደግሞ ዝም ማለት አልቻልሁም» አለን። እነሆ፣ ማንም ሳይሾመው፣ ማንም ሳይከፍለው የሚያስተምር መምህር። ይህን ሰው «ነበረ» ከሚለው ቃል አውጥቶ «ነው» ወደሚለው ቃል ለማሻገር የሚያስፈልገው አንድ የቅጥር ደብዳቤና ጥቂት ወር ሥልጠና ነው። ደብዳቤውን የሚጽፈው ወጣት ሹም ይህን ጽሑፍ ዛሬ ያነብብ ይሆናል።