ጠገራ ብርና ሰብሳቢው

ሞያሌ የኢትዮጵያና የኬንያ ድንበር ለሁለት የከፈላት ከተማ ናት። በዚህች የንግድ በር ዛሬም ብርና ሽልንግ ጎን ለጎን ይመነዘራሉ። አሮጌ የብር ሳንቲሞችን መሰብሰብ ለሚሻ ወጣት ከዚህ የተሻለ መማሪያ አይገኝም ለማለት እደፍራለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1921 የወጣው፣ አንበሳ የተቀረጸበት የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ከአራት እጅ አንዱ ብቻ ብር ነበር። በኢትዮጵያ ነጋዴዎች ዘንድ የታመነው ጠገራ ብር ግን 28 ግራም ገደማ ሲመዝን፣ ከስድስት እጅ አምስቱ ንጹሕ ብር ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በፓሪስ ያስመቷቸው፣ 1887 ዓ.ም. የተጻፈባቸው ብር፣ አላድና ሩብ እንኳ ጠገራውን ከገበያ ሊያስወጡት አልቻሉም።

ምስላቸው በጠገራው ላይ የሚታየው የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞቱት እ.ኤ.አ. በ1780 ነው። ከዚያ ወዲህ የተመታው ሁሉ፣ ዛሬ በቪየና የሚመታው ጭምር፣ ይህንኑ ዓመት ይዟል። እንግዲህ ብሩ ዕድሜውን አይናገርም፤ የሚናገርለት ባለቤቱ ነው።

ብዙ ሰብሳቢዎች ግን ሚዛን ይዘው ይመጣሉ እንጂ ጥያቄ ይዘው አይመጡም። በሚዛን ብቻ ከተሄደ ደግሞ ሽልንጉ ከንቱ ነው። ለአንገት ጌጥ የተበሳውንም ጠገራ «ተበላሽቷል» ብለው ያጣጥሉታል፤ አንጥረኛም ያቀልጠዋል። በእኔ አስተያየት ይህ ታላቅ ስሕተት ነው። ቀዳዳው ብሩ ከገበያ ወጥቶ በሴት አንገት ላይ መዋሉን የሚመሰክር ጽሑፍ ነውና። ሰብሳቢው ከመግዛቱ በፊት ብሩ በማን እጅ እንደ ቆየ፣ ምን ተሽጦ እንደ ተገኘ፣ ለማን ጥሎሽ እንደ ተሰጠ ጠይቆ በደብተሩ ይጻፍ፤ ያውም የሚያውቁት አያቶች በሕይወት ሳሉ።