«የመቅደላው ሎርድ» ማነው?

ወገን፣ ለንደን ውስጥ ፈረስ ላይ የተቀመጠ የአንድ ጄኔራል ሐውልት አለ። ማዕረጉ «የመቅደላው ሎርድ ናፒየር» ነው። የመቅደላው! የእኛን አምባ ስም እንደ ካባ ደርቦታል።

ሮበርት ናፒየር እ.ኤ.አ. በ1810 ሲሎን፣ የዛሬዋ ስሪላንካ ተወለደ። ሙያው ምህንድስና ነው። ፑንጃብ ላይ ሲኮችን ወጋ። በ1857 ሕንዶች ሲያምፁ አመፁን ካፈኑት አንዱ ነበር። በ1860 ቻይና ዘምቶ ክፍለ ጦር መራ፤ በዚያ ዘመቻ የንጉሡ የበጋ ቤተ መንግሥት ተዘርፎ ጋየ። ዕድሜውን ሙሉ የሰው አገር ሲሰብር የኖረ ሰው ነው። ከዚያ ተራው የእኛ ሆነ።

አፄ ቴዎድሮስ ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ መልስ ሲያጣ ቆንስሉንና ሌሎች አውሮፓውያንን አሰሩ። ናፒየር 13 ሺህ ያህል ወታደርና 44 ዝሆን ይዞ ዙላ ወረደ። ባቡር ሐዲድ ሳይቀር ዘረጋ።

እኔ ሲቪል ምህንድስና ተመርቄ ሥራ አጥቼ ቤት የተቀመጥኩ ልጅ ነኝ። መንገድ መሥራት ምን እንደሆነ ትንሽ ይገባኛል። የማይዋጥልኝ ይሄ ነው፦ ያ ሁሉ ጦር 600 ኪሎ ሜትር ከሚበልጥ ተራራና ገደል ሲያልፍ መቅደላ ሥር እስኪደርስ አንድም ውጊያ አልገጠመውም። አንድም!

ለምን? የትግራዩ ካሳ መንገድ ሰጡት። የላስታው ዋግሹም ጎበዜ አላገዱትም። የሸዋው ምኒልክ ዳር ቆመው አዩ። ቴዎድሮስስ? ጎንደርን ያቃጠሉት፣ ሕዝቡን ያስመረሩት እሳቸው አይደሉም እንዴ?

እና አንተ ዛሬ ኮሜንት ላይ «ባንዳው የእናንተ አያት ነው» ትላለህ። ተው ወንድሜ! ያ ካሳ በኋላ አፄ ዮሐንስ ተብለው መተማ ላይ ለዚችው አገር አንገታቸውን ሰጥተዋል። ናፒየር የገባው በአንድ ብሔር በር አይደለም፤ በሁላችንም መኮራረፍ ነው።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በዕለተ ስቅለት፣ እሮጌ ላይ ወደ 700 የሚጠጋ ወገናችን አለቀ። ከእንግሊዝ የሞቱት ሁለት ናቸው። ከዚያ እስረኞቹ ተፈቱ። ልብ በሉ፣ የመጣንበት የሚሉት ጉዳይ አለቀ ማለት ነው! እሱ ግን ሚያዝያ 6 አምባውን ወረረ። ቴዎድሮስ እጅ ከመስጠት ሽጉጣቸውን ጠጡ። መጻሕፍቱ፣ ታቦታቱ፣ ዘውዱ በ15 ዝሆንና ወደ 200 በሚጠጋ በቅሎ ተጭኖ ሄደ። የሰባት ዓመቱ ልዑል ዓለማየሁም ተወሰደ፤ በ18 ዓመቱ እዚያው እንግሊዝ አረፈ።

ይሄ «እስረኛ ማስፈታት» ነው? በእኛ ቋንቋ ዘረፋ ይባላል። እነሱ ግን ሎርድ ብለው ሾሙበት፣ በኋላም ፊልድ ማርሻል አደረጉት።

በ2023 የዓለማየሁ አፅም ይመለስ ሲባል ቤተ መንግሥታቸው እምቢ አለ። ታቦቶቻችንም ዛሬ ድረስ ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ ተዘግቶባቸዋል።

ታዲያ እርስ በርስ ስድብ የምትለዋወጥበትን ጣት እዚህ ላይ አውለው። ጻፍ፣ ጠይቅ፣ አስመልስ። ስንከፋፈል ምን እንደሚሆን መቅደላ ላይ አንዴ አይተናል።

አንብበው ለጓደኛህ አጋራው። በተለይ በዘር ለምትጣላው ጓደኛህ!