ሁለት ጣት ከመሪው በታች

አማርኛችን ለረጅም ሰው ቃል አይሰስትም። ሲወድ «ሎጋ» ይላል፣ ሲያደንቅ «ዘንካታ»፣ ሲቀልድ ደግሞ «ቀውላላ»። መኪና ሠሪዎች ግን፣ በተለይም ከስድሳ ዓመት በፊት ባለሁለት ወንበር ስፖርት መኪና ይሠሩ የነበሩት አውሮፓውያን፣ ለረጅም ሰው ቦታ አላዘጋጁለትም። ከእጃቸው የወጣችው መኪና ዝቅ ያለች፣ ጠባብና ውብ ናት፤ ሾፌሯን በልክ እንደተሰፋ ጫማ ትመርጠዋለች። እኔ ቁመቴ 1 ሜትር ከ94፣ የጫማዬ ቁጥር 46 ነው። እንዲህ ያለ ሰው እንዲህ ያለችውን መኪና ይግዛ ወይስ ይተዋት? ጥያቄው የቅንጦት ይመስላል። ከሰሞኑ ግን ኮተቤ ውስጥ ካንዲት አሮጌ ፊያት አጠገብ ቆሜ ሳሰላስለው፣ ከገዢው ኪስ አልፎ መንገድ ላይ እስከሚሄደው ሰው ድረስ የሚደርስ ጉዳይ ሆኖ አገኘሁት።

አስቀድሞ ስለ ገበያው ጥቂት። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ከውጭ ማስገባትን እጅግ ውድ አደረገው። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን መንግሥት አስታወቀ። ከዚያ ወዲህ የዚያን ዘመን መኪና የሚመኝ ሰው ተስፋው ቀድሞ የገባው ብቻ ሆኗል፤ ከንጉሡ ጊዜ የተረፈው፣ በግቢ ጥግ ሸራ ለብሶ የቆመው፣ ወራሾች የሚከራከሩበት። አንዷ ብትበላሽ ምትክ አትመጣም። ይህችን ነጥብ ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

የኮተቤዋ መኪና ፊያት 850 ስፓይደር ናት። ቅርጿ የቱሪኑ የበርቶኔ ቤት ሥራ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1965 እስከ 1973 ተመረተች። ሞተሯ ከኋላ ነው፤ በመጀመሪያ 843፣ በኋላ 903 ሲሲ። የሸራ ጣሪያዋ ታጥፎ ከወንበሮቹ ኋላ በክዳን ሥር ይገባል። ከመሬት እስከ ጣሪያ ከ1 ሜትር ከሩብ አትበልጥም፤ አጠገቧ ስቆም ከወገቤ ብዙም አታልፍም። ባለቤቷ ካረፉ ወዲህ ልጆቻቸው ሊሸጧት ጋራዥ አስገብተዋታል። ሊብሬዋ በእጅ ነው፣ ቦሎዋም ጊዜው አላለፈም። እውነቱን ለመናገር ዓይን ታስቀራለች።

ተቀመጥኩባት ከማለት ለበስኳት ማለት ይቀላል። ቀኝ እግሬ ገባ፤ ግራው ጉልበት መሪው ሥር ሲደርስ ቆመ። በመሪው ጠርዝና በጭኔ መካከል የቀረው ሁለት ጣት ነው። ከታች ፍሪሲዮን፣ ፍሬንና ነዳጅ መስጫ በፊተኛው ጎማ ጉርብትና ምክንያት ወደ መሐል ተገፍተው ተጠጋግተዋል፤ 46 ቁጥር ጫማ አንዱን ሲረግጥ ሌላውን ይነካል። ዓይኔ የሚያርፈው የፊት መስተዋቱ የላይኛ ክፈፍ ላይ ነው። የትራፊክ መብራት ለማየት እንደ ቤተ ክርስቲያን ተሳላሚ ጎንበስ ማለት አለብኝ።

(በነገራችን ላይ፣ ፍሪሲዮን፣ ፍሬቻ፣ ኮፈን፣ ቸርኬ፣ ባትላሜራ… የመኪናችን አማርኛ ግማሹ ጣልያንኛ ነው። ቃሉን በልካችን ቆርጠን ሰፍተን የራሳችን አድርገነዋል። ቃል ግን ሲቆረጥ አይዝግም።)

ባትላሜራው በዕድሜ የገፉ፣ በሙያቸው የተከበሩ ሰው ናቸው። ታጥፌ መቀመጤን ዞር ዞር ብለው አዩና «አይዞህ ልጄ፣ ወለሉን ቆርጠን አራት ጣት እናወርደዋለን፤ ወንበሩንም ከነሐዲዱ ወደ ኋላ እንገፋዋለን» አሉኝ። ሐሳባቸውን በንቀት ማለፍ አይገባም። እዚህ ከተማ ሃምሳ ዓመት የኖረ መኪና ሁሉ የኖረው በእንዲህ ያለ እጅ ነው። የላዳ ዕቃ ለፊያት 124 ሲገጠም የማያውቅ ማን አለ? (ሁለቱ የሥጋ ዘመዳሞች ናቸውና አያስገርምም።) ሁሉም ከፋብሪካ እንደወጣ ይቆይ የሚለው የሙዚየም ሕግ እኛ ዘንድ ቢሠራ ኖሮ፣ ዛሬ አንድም አሮጌ መኪና ሲንቀሳቀስ ባላየን።

ወለል መቁረጥ ግን ሌላ ነገር ነው። ይህች መኪና ለብቻው የሚቆም ሻንሲ የላትም፤ ላሜራዋ ራሱ አጥንቷ ነው። ጠንካራ ጣሪያ ስለሌላትም ሸክሟን የሚይዙት ወለሉና ከበሮቹ ሥር ያለው ብረት ናቸው። እነርሱ ሲዳከሙ መኪናዋ መሐሏ ላይ ትሰምጣለች፤ በሮቿም አልገጥም ይላሉ። ወንበሩን ወደ ኋላ መግፋትም ቢሆን ከኋላ የታጠፈው ጣሪያ ማደሪያና የሞተሩ ግድግዳ ስላሉ ብዙ አያስኬድም።

የዳን ገርኒን ታሪክ የሚያነሣብኝ አይጠፋም። ገርኒ ቁመተ ረጅም አሜሪካዊ ተወዳዳሪ ነበር። ፎርድ ጂቲ40 ደግሞ ስሟን ያገኘችው ከ40 ኢንች ቁመቷ ነው፤ 1 ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 ለለ ማን የ24 ሰዓት ውድድር በቀረበችው ማርክ 4 ውስጥ የገርኒ ራስ ቁር ቦታ ስላጣ፣ ሠሪዎቹ ጣሪያዋ ላይ ጉብታ አበጁለት። ከኤ. ጄ. ፎይት ጋር ሆኖም አሸነፈ። ደስ የሚል ታሪክ ነው። ነገር ግን ያችን መኪና ያጎበጧት ራሳቸው ይሠሯት የነበሩ ሰዎች ናቸው፤ ባታምራቸው ሌላ ይሠራሉ። የኮተቤዋን ማን ይሠራታል?

አሁን ወደ ዋናው ነገር። መኪና ገዢ አብዛኛውን ጊዜ የሚሞክረው ደልዳላ መንገድ ላይ ነው፤ ከመገናኛ ወዲያ ወዲህ ብሎ፣ ድምፁን አዳምጦ፣ ጭሱን አይቶ ይመለሳል። እዚያ ሁለት ጣት ትበቃለች፤ ማርሽ አንዴ ከገባ እግር ያርፋል። ረጅም ሰው ግን ሽቅብ መሞከር አለበት። የወራሾቹን ፈቃድ አግኝቼ፣ ባትላሜራውን ከጎኔ አስቀምጬ፣ በመገናኛ፣ በእንግሊዝ ኤምባሲ፣ በቀበና፣ በስድስት ኪሎ አድርገን፣ በሽሮ ሜዳ በኩል ወደ እንጦጦ ማርያም ወጣን።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ እንጦጦ አናቱ ከ3,000 ያልፋል። አየሩ በሳሳ ቁጥር ሞተሩ የሚተነፍሰው ያንሳል። በካርቡራተር የሚሠራ አሮጌ ሞተር ከተማው ውስጥ እንዳለ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን አጥቷል፤ ተራራው ላይ ደግሞ ሲሦ ወደማጣት ይቃረባል። ሲወለድ 50 ፈረስ ገደማ ለነበረው ትንሽ ሞተር ይህ ቀላል አይደለም። ስለዚህ በየመታጠፊያው ከሁለት ወደ አንድ፣ ከአንድ ወደ ሁለት ነው። ማርሽ በተለወጠ ቁጥር ግራ እግር ይነሣል፤ እግር በተነሣ ቁጥር ጉልበት መሪውን ይገፋል፤ ያውም መሪው በሚዞርበት ቅጽበት። ቁልቁለቱ ይብሳል። ከነዳጅ ወደ ፍሬን የሚሻገር እግር ንጹሕ መተላለፊያ ይሻል፤ እኔ ፍሬን በያዝኩ ቁጥር የጫማዬ ጠርዝ ነዳጅ መስጫውን ይነካው ነበር።

በዚያ መንገድ ደግሞ ሰው ብቻውን አይነዳም። የባሕር ዛፍ እንጨት በጀርባቸው ተሸክመው የሚወርዱ እናቶችና ልጃገረዶች አሉ። ሸክሙ ከራሳቸው ቁመት ይረዝማል፤ በጀርባቸው ላይ አግድም ስለሚታሰርም ወደ መንገዱ መሐል ይገባል። ወገባቸው ታጥፎ ስለሚሄዱ የሚያዩት ከፊታቸው ያለችውን ጥቂት እርምጃ ነው። አህዮች አሉ፤ ማለዳ የሚሠሩ ሯጮች አሉ። ከእነዚያ ሴቶች አንዷን ሳልፍ ጉልበቴ መሪው ሥር ነበር፤ የእንጨቱን ጫፍ በእጄ ልነካው የምችል ያህል ቀረብኩ። ያች ሁለት ጣት የእኔ ብቻ እንዳልሆነች ያየሁት እዚያ ነው። ደላላ የሞተሩን ጤና ይነግረናል፣ ዋጋ ይነግረናል፤ ገዢው ልኩ ስለመሆን አለመሆኑ ግን ማንም አይጠይቅም።

«ታዲያ ረጅም ሰው ምን ይንዳ?» ለሚለኝ መልሴ ቮልስ ነው። መሳቃችሁ አይቀርም። ቮልስ 1 ሜትር ተኩል ቁመት አላት፤ ጣሪያዋ ጉልላት ነው፣ የፊት መስተዋቷ ቀጥ ያለ ነው፣ ወንበሯ እንደ ቤት ወንበር ቀና አድርጎ ያስቀምጣል። ሞተሯን አየር ስለሚያቀዘቅዘው ዳገት ላይ የሚፈላ ራዲያተር የላትም። ስፖርት አይደለችም ለሚሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1948 የተሠራችው የመጀመሪያዋ ፖርሸ 356 ሞተሯንና ብዙ ዕቃዋን የተበደረችው ከማን እንደሆነ ያስታውሱ። እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ የመጨረሻዋ እስክትወጣ ድረስም ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርታለች፤ አንዷን በልኬ ባስተካክል ዓለም አይጎድልበትም።

የቮልስ ስም ሲነሣ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. አብሮ ይነሣል። አፄ ኃይለ ሥላሴ ከሥልጣን ወርደው ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በቮልስዋገን ነው። ሁለት በር ብቻ ስላላት ወደ ኋላ ለመግባት የፊት ወንበሩ መታጠፍ፣ ገቢውም ማጎንበስ አለበት። ንጉሡ አጭር ሰው ነበሩ። መኪና ለረጅም ብቻ አትጠብም።

ነገ ወደነበረበት ሊመለስ የሚችለውን ለውጥ እደግፋለሁ፤ የወንበር ስፖንጅ ማሳሳት፣ ያለውን ሳይጥሉ አነስ ያለ መሪ መግጠም፣ ቀጭን ጫማ መልበስ። የኮተቤዋ ላይ ስፖንጁን አውጥተን ሞከርነው፤ ሁለት ጣቷ ሦስት ሆነች። ለእንጦጦ አትበቃም። ለወራሾቹ እንደማልገዛት ነገርኳቸው። ባትላሜራው ቅር ብሏቸው «ታዲያ ማን ይግዛት?» አሉኝ።

አብራኝ የምታስተምር አንዲት ባልደረባ አለችኝ፤ ቁመቷ ከ1 ሜትር ከ60 አይበልጥም። ቅዳሜ ይዣት ሄድኩ። ገባች፣ በሩን ዘጋች፣ ወንበሩን አንድ ጥርስ ወደ ፊት ሳበች፣ ሦስቱንም ፔዳሎች በየተራ ረገጠች። ባትላሜራው ዝም ብለው የብረት መቁረጫቸውን መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። ዋጋው ላይ ገና አልተስማሙም። ከገዛቻት እንጦጦ ስትወጣ ከጎኗ እንድቀመጥ ጋብዛኛለች፤ ጣሪያው ክፍት ከሆነ እሄዳለሁ።