የቤታችን አምድ፦ ምድጃው ጠቆረ፤ ጭሱስ ወዴት ሄደ?

ቢስሚላሂ ረህማኒ ረሂም



ረመዷን ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ለዘመድ ዚያራ ወደ ሰቆጣ ወጥቼ ነበር። የዋግ ኽምራን ደጋ የሚያውቅ ሰው በዚያ ሰሞን በየሙስሊሙ ቤት ያለውን ሽር ጉድ ያውቀዋል። በርበሬ ይቀነጠሳል፣ እህል ይለቀማል፣ ግድግዳና ምድጃ በጭቃና በእበት ይለቀለቃል። ታላቁ እንግዳ ረመዷን ሲመጣ ቤቱ አምሮ እንዲቀበለው ነው።

አክስቴ ቤት እንደገባሁ ዓይኔ መጀመሪያ ያረፈው በምድጃው ላይ ነው። ግንበኛው ልጃቸው የድሮዎቹን ሦስት ጉልቻዎች አንስቶ በጡብ የተገነባ ምድጃ ሠርቶላቸዋል። ምራታቸው ደግሞ ከገበያ ጥቁር የዘይት ቀለም ገዝታ ጡቡንም ከበላዩ ያለውንም ግድግዳ እስከ ጣሪያው ድረስ ቀብታዋለች። እውነቱን ለመናገር ያምራል! ከነጣው ግድግዳ መካከል ጥቁሩ ምድጃ ግርማ ሞገስ አለው። እኔም «ማሻአላህ፣ እጅሽ ይባረክ!» አልኳት። እርሷም ደስ ብሏት፣ «ከእንግዲህ በየሳምንቱ ጥቀርሻ ስፈገፍግ አልኖርም። ጥቁር ነው፤ አያሳይም» አለችኝ።

አክስቴ ግን ከመደባቸው ላይ ሆነው በሳል መካከል እንዲህ አሉ፦ «ልጄ፣ ግድግዳው ነጭ በነበረ ጊዜ ጥቀርሻው ይነግረን ነበር። አሁን ዝም አለ።»

ቃላቸውን በቅጡ የተረዳሁት ሌሊቱን ነው። አክስቴ እስከ ሱብሂ ሲያስሉ አደሩ። ከምድጃው አጠገብ የተኛው ሕፃንም አፍንጫው እንደታፈነ ያለቅስ ነበር። ቀለሙ የሸፈነው የግድግዳውን መልክ እንጂ በሰው ደረት ውስጥ የሚገባውን አይደለም። አበው «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ያሉት ለዚህም ይሠራል።

እህቴ ሆይ! ይህን የምጽፈው ቤትን ማስዋብ ነውር ነው ለማለት አይደለም። ቤትን ማሳመር ከኢስራፍና ከጉራ እስከራቀ ድረስ የተፈቀደ ነው፤ ደማቅም ሆነ ጥቁር ቀለም መምረጥም እንዲሁ። የሐረር እህቶቻችን ቤት የገባ ሰው ይህን በዓይኑ ያያል። በጀጎል ውስጥ ባሉት ጥንታዊ ቤቶች የመቀመጫ መደቡና ወለሉ በቀይ አፈር ይቀባል። የአገሬው ሰው እንደሚተርከው ቀዩ ቀለም እ.ኤ.አ. በ1887 በጨለንቆ ጦርነት ለወደቁት ሰዎች መታሰቢያ ነው። ቀለም ትዝታንም ክብርንም መሸከም ይችላል። ችግር የሚሆነው ጉዳትን ለመሸፈን ሲውል ነው።

ጉዳቱ ደግሞ ቀላል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ግምት እ.ኤ.አ. በ2020 በቤት ውስጥ ጭስ ሳቢያ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሕይወታቸው አልፏል። ከእነዚህ ውስጥ ከ237,000 በላይ የሚሆኑት ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ናቸው። ጭሱ በሕፃናት ላይ የሳንባ ምች፣ በአዋቂዎች ላይ ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ፣ የልብ ሕመምና የዓይን ሞራ እንዲመጣ ምክንያት ይሆናል። ይበልጥ የሚጎዳውም እንጀራ ስትጋግር እሳቱ ላይ ተደፍታ የምትውለውን እናትና ጀርባዋ ላይ ያዘለችውን ልጅ ነው።

ሦስት ነገሮችን ለይተን እንወቅ።

አንደኛ፣ ጥቁር ምድጃ ቤቱን ይበልጥ ያሞቃል የሚል ሐሳብ አለ። ጥቁር ልብስ ፀሐይ ላይ እንደሚያቃጥል ስለምናውቅ ነው። ከሞቀ ጡብ የሚወጣው ሙቀት ግን በዓይን የማይታይ ጨረር ነው፤ ይህን በመስጠት ረገድ ጭቃ፣ ጡብ፣ ነጭ ቀለምና ጥቁር ቀለም እምብዛም አይለያዩም። ጥቁር ግድግዳ በእርግጥ የሚያደርገው የመብራቱን ብርሃን መዋጥ ነው። መስኮቱ ጠባብ በሆነ የደጋ የድንጋይ ቤት ውስጥ ይህ ለልጆች ጥናትም ለቁርኣን ቂርኣትም አይመችም።

ሁለተኛ፣ ተራ የዘይት ቀለም የተሠራው ለእሳት አይደለም። ሲግል ይሸታል፣ ይላጣል። ፍርፋሪው ሊጥ ላይ ይወድቃል፤ ሕፃንም አንስቶ ወደ አፉ ይከተዋል። በአንዳንድ ቀለሞች ውስጥ የሚገኘው እርሳስ የተባለው ማዕድን የልጅን አእምሮ ይጎዳል። መንግሥታችን እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ደንብ በቀለም ውስጥ የሚኖረው እርሳስ ከአንድ ሚሊዮን እጅ ከ90 እጅ እንዳይበልጥ የወሰነው በዚህ ምክንያት ነው። ጥቁር ምድጃ የምትወድ እህት የደቀቀ ከሰልና የተነፋ አመድ ከጭቃ ጋር አላቁጣ ብትለቀልቀው ወጪውም ይቀንሳል፣ እሳቱም ሲነካው አይሸትም። ሲሰነጠቅ መልሶ መለቅለቅ ነው።

ሦስተኛው ከሁሉም የሚያሰጋው ነው። ጥቀርሻ አለመኖሩ ደኅንነት አይደለም። የተቀጣጠለ ከሰል ጭሱ ቢጠፋም ቀለምም ሽታም የሌለው መርዛማ አየር ያወጣል። በዋግ ደጋ ብርድ ሲጠና ማንደጃውን ወደ መኝታ አስገብቶ፣ በር ዘግቶ መተኛት የተለመደ ነው። እንዲህ ተኝተው ሳይነቁ የቀሩ ስንቶች ናቸው! ረሱላችን (ሰ.ዐ.ወ) በመዲና አንድ ቤት ሌሊት ከነሰዎቹ በተቃጠለ ጊዜ እሳት ጠላታችን መሆኑን አስታውሰው፣ ስንተኛ እንድናጠፋው አዘውናል። ይህን ሱና በሥራ ላይ ብናውለው ከቃጠሎም ከዚህ መርዝም በአላህ ፈቃድ ይጠብቀናል።

ታዲያ ምን እናድርግ? ከቀለሙ በፊት ጭሱ መውጫ ያግኝ። ከምድጃው በላይ ጭስ የሚወጣበት ቀዳዳ ወይም ጣሪያውን አልፎ የሚሄድ ቱቦ ይሠራ፤ ትይዩውም ንጹሕ አየር የሚገባበት መስኮት ይከፈት። የሚቻል ከሆነ ማድቤቱ ከመኝታው ይለይ። እርጥብ እንጨትና እርጥብ ኩበት ጭሱ ብዙ ነው፤ አስቀድሞ ይድረቅ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1980ዎቹ አገራችን ውስጥ የተሠራው «ምርጥ» የተባለው የእንጀራ ምድጃ ምጣዱን ዙሪያውን ከቦ እሳቱን ስለሚይዝ፣ ከክፍት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቀንሳል። ማገዶ ፍለጋ ገደል ለምትወርድ የዋግ እናት ይህ ትልቅ እረፍት ነው።

ወንድሜ ሆይ! ይህ የሴቶች ጉዳይ ነው ብለህ ገጹን አትግለጥ። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ቤታቸው ሲሆኑ ቤተሰባቸውን በሥራ ያግዙ እንደነበር ነግራናለች። አንተስ ምጣድ አጠገብ አንድ ሰዓት ተቀምጠህ ታውቃለህ? ለሳሎኑ ምንጣፍ ያወጣኸውን ያህል ለማድቤቱ አየር አውጥተሃል? ዲናችን ራስን መጉዳትንም ሌላውን መጉዳትንም ይከለክላል፤ የእናትህና የሚስትህ ሳንባ ከዚህ ሕግ ውጪ አይደለም።

ወደ ሰቆጣ ልመለስ። ከመመለሴ በፊት ከምራታቸው ጋር ከጥቁሩ ምድጃ በላይ አንድ ንጹሕ ነጭ ጨርቅ ሰቀልን። «ለሳምንት አትንኪው፤ ከዚያ ለባልሽ አሳዪው» አልኳት። በሳምንቱ ደወለች። ድምፅዋ እንደ ቀድሞው አልነበረም። «ጨርቁን አውርጄ አየነው። ጠቁሯል። እማማ አይተው ምንም አላሉም፤ አለቀሱ እንጂ» አለችኝ። ልጃቸው በማግስቱ መዶሻና መሮውን ይዞ ከምድጃው በላይ ያለውን ግድግዳ በሳው፤ ቱቦም አወጣለት። የሕፃኑን መኝታ ወደ ሌላው ክፍል አዛወሩት። የላይኛውን ግድግዳ እንደገና አነጡት፤ ጡቡን ግን የዘይቱን ቀለም ፍቀው በከሰል ጭቃ ለቀለቁት። ምድጃው ዛሬም ጥቁር ነው። የአክስቴ ሳል ጨርሶ አልተዋቸውም፤ የብዙ ዘመን ጭስ በአንድ ወር አይወጣምና። ሌሊቱን ግን ይተኛሉ፤ አልሐምዱሊላህ።

እናንተስ ውድ አንባብያን? ዛሬ ከምድጃችሁ በላይ አንድ ነጭ ጨርቅ ስቀሉ፤ ከሳምንት በኋላ መላው ቤተሰብ ተሰብስቦ ይየው። አላህ (ሱ.ወ) ቤቶቻችንን የራሕማና የጤና ቤቶች ያድርግልን፤ አሚን!

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ።