ስለ ደም ሥር በሽታ ሕክምና፤ የስለትና የሽቦ ክርክር

በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ አስቀድሞ ይወቅልን።

በ1894 ዓመት በሰኔ ወር የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ሳዲ ካርኖ በሊዮን ከተማ በሠረገላ ሲያልፉ አንድ ነፍሰ ገዳይ በጩቤ ወጋቸው። ጩቤው በጉበት በኩል ያለውን ታላቅ የደም ሥር ቈርጦት ስለ ነበረ፤ በዙሪያቸው የተሰበሰቡት የታወቁ ሐኪሞች ሁሉ ደሙን ለማቆም ሳይችሉ ቀርተው በዚያው ሌሊት ዐረፉ። የታላቅ መንግሥት መሪ፤ በታላቅ ከተማ መካከል፤ የተቈረጠ የደም ሥር የሚሰፋ እጅ በመታጣቱ ሞቱ። በዚያን ጊዜ በሊዮን የሕክምና ትምህርት ይማር የነበረው አሌክሲስ ካሬል ይህ ነገር እጅግ ከነከነው። ወደ ጥልፍ ሠሪ ሴት ሄዶ የረቀቀ መርፌና ክር አያያዝን ተማረ፤ በ1902ም ሁለት የደም ሥሮችን አፍ ለአፍ ገጥሞ የሚሰፋበትን ዘዴ ጽፎ አስታወቀ። ስለዚህም ሥራው በ1912 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው።

ዛሬ ይህን የቆየ ታሪክ ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። ከካሬል መርፌ የተወለደው ጥበብ አሁን ሁለት መንገድ ሆኖ፤ በየአገሩ ያሉ ሐኪሞች የትኛው እንደሚሻል ሲከራከሩ ቆይተዋል። በ2022ና በ2023 የታተሙት ሁለት ታላላቅ ምርመራዎችም ክርክሩን አዲስ መልክ ሰጥተውታል። የነገሩ ፍሬ የሐኪሞች ብቻ አይደለም፤ ለሆስፒታል ገንዘብ የሚመድበውን ሹምና ሕዝብን የሚመክረውን ካህንም ይመለከታል።

አስቀድመን የነገሩን መሠረት እንግለጽ። ደም ከልብ ወጥቶ ወደ አካላት ሁሉ የሚሄድበት መንገድ ደም ቅዳ ይባላል፤ ወደ ልብ የሚመለስበት ደግሞ ደም መልስ ይባላል። በደም ቅዳ ውስጥ ስብና ጠጣር ነገር እየተጋገረ ሲሄድ መንገዱ ይጠባል። ሰውየው ጥቂት በሄደ ቁጥር ባቱን ያመዋል፤ ቆም ሲል ይተወዋል። በሽታው ሲብስ ተኝቶም ቢሆን እግሩን ያመዋል፤ ጣቶቹ ይጠቍራሉ፤ ቍስሉ አልድን ይላል፤ በመጨረሻም እግሩ ይቈረጣል። ለዚህ በሽታ ዋናዎቹ ምክንያቶች ትምባሆ፤ የስኳር በሽታ፤ የደም ግፊትና የደም ስብ መብዛት ናቸው። የደም ቅዳ ግድግዳ ደክሞ እንደ ፊኛ የሚያብጥበትም ጊዜ አለ፤ ይህ እብጠት በሆድ ውስጥ ሲፈነዳ ከሚድነው የሚሞተው ይበዛል።

የመጀመሪያው መንገድ የስለት መንገድ ነው። በ1948 በፓሪስ ዣን ኩንሊን የተባለ ቀዶ ሐኪም ከበሽተኛው ከራሱ እግር ረጅሙን ደም መልስ አውጥቶ፤ በተዘጋው ደም ቅዳ ላይና ታች ሰፍቶ፤ ደሙ የተዘጋውን ስፍራ ዞሮ እንዲያልፍ አደረገ። በደም መልስ ውስጥ ደምን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉ ትናንሽ መዝጊያዎች ስላሉ፤ ሥሩን ገልብጦ መስፋት ግድ ሆነበት። መንገድ በናዳ ሲዘጋ መንገደኛው በጎን አዲስ መተላለፊያ እንደሚያበጅ ያለ ሥራ ነው።

ሁለተኛው መንገድ የሽቦ መንገድ ነው። በ1964 በጥር ወር በአሜሪካ በኦሪገን አውራጃ በፖርትላንድ ከተማ አንዲት የ82 ዓመት ባልቴት እግራቸው መበስበስ ጀምሮ ሳለ አይቈረጥም ብለው እምቢ አሉ። ቻርልስ ዶተር የተባለው የራጅ ሐኪም ቀጭን ሽቦ በደም ቅዳቸው ውስጥ አሳልፎ፤ በሽቦውም ላይ ቀጭን ቧንቧ፤ ቀጥሎም ወፈር ያለውን እያስከተለ የጠበበውን ስፍራ አሰፋው። እግሩ ሞቀ፤ ቍስሉም ዳነ፤ ሴትዮዋም እስከ ዕለተ ሞታቸው በሁለት እግራቸው ሄዱ። የሆነ ሆኖ በአገሩ ያሉ ብዙ ቀዶ ሐኪሞች ዶተርን እንደ እብድ ቈጠሩት። አሳቡን በደስታ የተቀበለችው ይልቁንም አውሮፓ ናት፤ በ1974 አንድሬያስ ግሩንትዚክ በዙሪክ በቧንቧው ጫፍ ላይ የሚነፋ ፊኛ አድርጎ የእግርን ደም ቅዳ ከፈተ፤ በ1977ም የልብን። በደረት ውስጥ ላለው እብጠትም በ1987 ኒኮላይ ቮሎዶስ በካርኪቭ፤ በሆድ ውስጥ ላለው ደግሞ በ1990 ሁዋን ፓሮዲ በብዌኖስ አይሬስ በጨርቅ የተሸፈነ የብረት ቧንቧ በደም ሥር ውስጥ አሳልፈው ከውስጥ ደገፉት።

ሽቦው ሆድ ሳይቀደድ፤ በሽተኛውም ብዙ ሳይሠቃይ የሚሠራ ስለ ሆነ፤ ስለት ከእንግዲህ ወዲህ አሮጌ ነገር ነው የሚሉ ሰዎች በዙ። ነገር ግን ጥበብ በወሬ ሳይሆን በሚዛን መለካት ይገባዋል። በብሪታንያ በሆዳቸው እብጠት ያለባቸውን ከ1200 የሚበልጡ ሰዎች በዕጣ ለሁለት ከፍለው ተከታተሏቸው። በመጀመሪያው ወር ከተቀደዱት ከመቶው 4.3 ሲሞቱ፤ በሽቦ ከታከሙት የሞቱት ከመቶው 1.8 ብቻ ነበሩ። ይህ የሽቦው ታላቅ ድል ነበረ። ነገር ግን ከስምንት ዓመት በኋላ ሚዛኑ ዞረ፤ በሽቦ በታከሙት ዘንድ በዚያው እብጠት የሚሞተው በዛ። ዛሬ የሚያድነው ሥራ ነገ ጥበቃና ደጋግሞ መመርመር እንደሚያሻው ከዚህ ተማርን።

ስለ እግር የተደረጉት ምርመራዎች ደግሞ እንዲህ ናቸው። በ2022 የታተመው ከሰሜን አሜሪካና ከሌሎችም አገሮች 1830 በሽተኞችን የያዘ ነበረ። ለመተላለፊያ የሚሆን ጥሩ ደም መልስ ባላቸው ሰዎች ዘንድ፤ በስለት ከታከሙት ከመቶው 42.6 በእግራቸው ላይ ከባድ ጉዳት ሲደርስባቸው ወይም ሲሞቱ፤ በሽቦ ከታከሙት ግን ከመቶው 57.4 ሆኑ። ጥሩ ደም መልስ በሌላቸው ዘንድ የጎላ ልዩነት አልተገኘም። በ2023 የታተመው፤ በብሪታንያ፤ በስዊድንና በዴንማርክ የተደረገውና 345 ሰዎችን የያዘው ደግሞ ተቃራኒውን አሳየ። በሽታቸው ከጕልበት በታች ባለው ደም ቅዳ ውስጥ ለሆነ ሰዎች፤ አስቀድመው ደም መልስ ከተሰፋላቸው ከመቶው 63 እግራቸው ሲቈረጥ ወይም ሲሞቱ፤ አስቀድመው በሽቦ ከታከሙት ግን ከመቶው 53 ሆኑ።

እንግዲህ ሁለቱ ምስክሮች ተጣሉን? አልተጣሉም። የመረመሯቸው በሽተኞች፤ የበሽታው ስፍራና የጠየቁትም ጥያቄ አንድ አይደለም። ሁለቱ በአንድነት የሚነግሩን፤ ለሁሉ የሚሆን አንድ መንገድ አለመኖሩንና በሽተኛው ለሐኪሙ መሣሪያ ሳይሆን መሣሪያው ለበሽተኛው መመረጥ እንደሚገባው ነው። ስለት ብቻ የሚያውቅ ሐኪም በሽተኛውን ሁሉ ይቀድዳል፤ ሽቦ ብቻ የሚያውቅም ሁሉን በሽቦ ይሞክራል። ሁለቱን የሚያውቅ ወይም ሁለቱ ባለሙያዎች በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው የሚመክሩበት ሆስፒታል ግን እግርን ያተርፋል።

ከዚህ የተነሣ ለባለሥልጣኖች የምናሳስበው ነገር አለን። በአገራችን የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ብዙ ሲሆን፤ የደም ሥር ቀዶ ሐኪም ግን ጥቂት ነው። የራጅ መሣሪያ ገዝቶ ማስመረቅ ለዓይን ያምራል፤ ነገር ግን ሽቦውና ፊኛው በየጊዜው የሚያልቅ፤ በውጭ ምንዛሪም የሚገዛ ዕቃ ነው። ዕቃው ያለቀበት መሣሪያ ዘይት እንደ ሌለው መብራት ነው። የመርፌና የክር ሥራ ደግሞ ዕቃው ርካሽ፤ መማሪያው ግን ረጅም ነው፤ የሚሰፋውም ደም መልስ ከበሽተኛው ከራሱ ይገኛል። ስለዚህ አዲሱን ስንቀበል አሮጌውን እንዳንጥል፤ መሣሪያ ስንገዛም የሚሰፋ እጅ ማስተማርን እንዳንዘነጋ ያስፈልጋል። የካርኖ ሞት ያስተማረን ይኸው ነው፤ የጎደለው ዕቃ ሳይሆን እጅ ነበረና።

ለካህናትም የሚሆን ቃል አለን። ለረጅም ሰዓት መቆም በደም መልስ በሽታ ከሚያጋልጡት ነገሮች አንዱ ነው። በማኅሌትና በቅዳሴ ሌሊቱን በመቋሚያ ተደግፈው የሚቆሙ አባቶች በእግራቸው ላይ የተወጠረ ሥር፤ በቍርጭምጭሚታቸውም አጠገብ አልድን ያለ ቍስል ቢያዩ፤ የእርጅና ዕጣ ነው ብለው አይተዉት። በ2018 በብሪታንያ 450 ሰዎችን ይዞ የታተመ ምርመራ፤ ቍስሉን አጥብቆ ከመጠቅለል ጋር የታመመው ሥር ቶሎ ሲታከም፤ የብዙዎቹ ቍስል የሚድንበት ጊዜ ከ82 ቀን ወደ 56 ቀን እንደሚያጥር አሳይቷል። ነገር ግን በደም ቅዳ መዘጋት የመጣውን ቍስል አጥብቆ መጠቅለል ይጎዳልና፤ የትኛው እንደ ሆነ ሐኪም ሳይመረምር ማንም አይጠቅልለው። ሲራክ በመጽሐፉ በምዕራፍ 38 ስለ ሐኪም ክብር የጻፈውን አባቶች ከእኛ ይልቅ ያውቁታል። በእግሩ ቈስሎ ወደ ቤተ ክርስቲያን ደጅ የመጣውን ምእመን ጸልየው ወደ ሐኪምም ቢልኩት፤ አንድ እግር፤ ምናልባትም አንድ ቤተ ሰብ ያድናሉ።

ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፤ ከስለትም ከሽቦም የሚቀድም ሥራ አለ። የክንድንና የቍርጭምጭሚትን የደም ግፊት ለክቶ ማነጻጸር ብዙ ገንዘብ አያስወጣም፤ የቍርጭምጭሚቱ ለክንዱ ሲካፈል ከ0.90 በታች ከሆነ ደም ቅዳው መጥበቡን ያስታውቃል። የስኳር በሽታ ያለበት ሰው በየቀኑ እግሩን አጥቦ ቢያይ፤ ጤና ጣቢያም በመጣ ቁጥር ጫማውን አስወልቆ ቢመረምረው፤ ትምባሆ የሚያጨስም ቢተው፤ ብዙው እግር ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል ሳይደርስ ይተርፋል።

በእግሩ የሚያርስ፤ በእግሩ የሚነግድ፤ በእግሩም የሚሳለም ሕዝብ አንድ እግር ሲያጣ የሚያጣው አካል ብቻ አይደለም፤ እንጀራውንም ነው። ስለዚህ ስለት ይሻላል ወይስ ሽቦ ብሎ ከመከራከር፤ እግሩ ሳይጠቍር በሽተኛውን የሚያገኝ ጤና ጣቢያ፤ ሲደርስም ሁለቱን የሚያውቅ እጅ እንዲቆየው ማድረግ ይበልጣል።