አማካይ ሳንባ የለም

ኦክላንድ ውስጥ ሁለት አውራ ጎዳናዎች ጎን ለጎን ይሄዳሉ። 580 ኮረብታው ሥር ያልፋል፤ 880 ደግሞ ሜዳውን ይዞ በወደቡ በኩል። ከ4.5 ቶን በላይ የሚመዝን የጭነት መኪና ከግራንድ አቬኑ እስከ ሳን ሊያንድሮ ባለው የ580 ክፍል ማለፍ አይፈቀድለትም። ክልከላው ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አለ። እና ትራኮቹ የት ይሄዳሉ? ሁሉም ወደ 880። ኮንቴነር የሚጎትት የአገራችን ሾፌር ይህን በቃሉ ያውቀዋል። ጭሱ በማን ደጅ እንደሚያልፍ ሰዎች ተሰብስበው ወስነዋል ማለት ነው። ስብሰባው ላይ የነበረ ሰው ደጁን አዳነ፤ ያልነበረው ጭሱን ወሰደ።

የመንገዱን ክልከላ ያወጣው የአየር ቦርዱ አይደለም። ምሳሌውን ያነሳሁት ግን ስለ ቦርዱ ለማውራት ነው።

የካሊፎርኒያ የአየር ሀብት ቦርድ፣ በአጭሩ ካርብ፣ ድምፅ የሚሰጡ 14 አባላት አሉት። 12ቱን የሚሾመው የግዛቱ ገዥ ሲሆን ሴኔቱ ያጸድቃል። ከ12ቱ 6ቱ ከየአካባቢው የአየር ወረዳ የሚመጡ ናቸው፦ ሳውዝ ኮስት፣ ቤይ ኤሪያ፣ ሳን ሆዋኪን ሸለቆ፣ ሳን ዲየጎና ሳክራሜንቶ አንድ አንድ፣ ለቀሩት ወረዳዎች በሙሉ ደግሞ አንድ። ለአውቶሞቲቭ ምሕንድስና፣ ለሳይንስና ለጤና ባለሙያም ሕጉ ወንበር ለይቶ አስቀምጧል። በ2015 የወጣ ሕግ ሁለት ወንበር ጨመረ፤ ብክለት ከጎዳቸው ማኅበረሰቦች ጋር ለሚሠሩ ሰዎች። እነዚህን የሚሾሙት ሁለቱ ምክር ቤቶች ናቸው። ወረቀት ላይ ሲያዩት ያምራል። አካባቢውም አለ፣ ሊቁም አለ፣ ተጎጂውም አለ።

እስቲ ጠጋ ብለን እንየው። ሳውዝ ኮስት ወረዳ ውስጥ ወደ 17 ሚሊዮን ሰው ይኖራል፤ አንድ ወንበር። ሳን ሆዋኪን 8 ካውንቲ ነው፤ ተራራ ስለከበበው ብናኙ መውጫ ያጣል፣ ከአገሪቱ እጅግ መጥፎ አየር ካላቸው ቦታዎች አንዱ ነው። እሱም አንድ ወንበር። ቤይ ኤሪያ ከማሪን ኮረብታዎች እስከ ዌስት ኦክላንድ ወደብ ድረስ በአንድ ሰው ይወከላል። ያ ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የካውንቲ ወይም የከተማ ተመራጭ ነው። የመረጠው ሕዝብ ብዙው ከወደቡ ርቆ የሚያድር ነው። ይሄ የአካባቢ ውክልና ከተባለ፣ አካባቢ ማለት ምን ማለት ነው?

እኔ የሶፍትዌር ሰው ነኝ። በእኛ ሥራ አማካይ ቁጥር ብቻ የሚያሳይ ዳሽቦርድ ከፍቶ «ሁሉም ደህና ነው» የሚል ሰው ይሳቅበታል። ሲስተሙ የሚያሰቃየው ደንበኛ ያለው ጫፉ ላይ ነዋ። አየርም እንዲሁ ነው። መለኪያ የተገጠመላቸው የጉግል መኪኖች የኦክላንድን መንገዶች ደጋግመው ሲዞሩ ቆይተው፣ በ2017 በታተመው ጥናት በአንድ ብሎክ ውስጥ ብቻ የብክለቱ መጠን ከ5 እስከ 8 እጥፍ ሊለያይ እንደሚችል ታየ። አንድ ብሎክ! የወረዳው አማካይ ለዚያ ብሎክ ሕፃን ምን ይነግረዋል? አማካይ ሳንባ ያለው ሰው የለም።

የሥራ ጓደኞቼ እዚህ ላይ ይቆጡኛል። «ኬሚስትሪ በድምፅ ብልጫ አይወሰንም፣ ለባለሙያ ተውት» ይሉኛል። ባለሙያን እኔም አከብራለሁ። የሎስ አንጀለስ ጭጋግ ከመኪናና ከነዳጅ ማጣሪያ የሚወጣ ጭስ ፀሐይ ሲመታው የሚፈጠር መሆኑን ያሳየው የአናናስ ጣዕም ሲመረምር የነበረ ኬሚስት ነው፤ አሪ ሃገን ስሚት። ቦርዱ በ1967 ሲቋቋም የመጀመሪያው ሊቀመንበር እሱ ሆነ። በ1973 ግን ገዥው ሮናልድ ሬገን አነሳው። ሊቅነቱ ወንበሩን አላዳነለትም። ዛሬ የአባላቱ ዘመን 6 ዓመት ተብሎ በሕግ ተወስኗል፣ ጥሩ ነው። ሆኖም ባለሙያውንም የሚመርጠው ያው ገዥ ነው። ስለዚህ «ለባለሙያ ተውት» የሚለው ሰው «ገዥው ለመረጠው ባለሙያ ተውት» ማለቱ ነው።

ደግሞ ባለሙያ የሚያውቀው ነገር ወሰን አለው። በ2010 መጀመሪያ ከ1994 በፊት የተሠራ ሞተር ያለው ትራክ ወደ ኦክላንድ ወደብ እንዳይገባ ተከለከለ፤ ሌሎቹም ማጣሪያ እንዲያስገጥሙ ተጠየቀ። ሠርቷል። ከ2009 እስከ 2013 ባለው ጊዜ ከወደቡ ትራኮች የሚወጣው ጥቁር ጥላሸት በ76 በመቶ ቀነሰ። ማንም ሊክደው አይችልም። ነገር ግን ሒሳቡን የከፈለው ማን ነው? የራሱን መኪና የሚነዳው፣ ብዙውን ጊዜ ስደተኛ የሆነው ሾፌር። ድጎማ ነበር፤ ለሁሉም ሳይዳረስ አለቀ። ያ ሾፌር ቀን ጥላሸቱን ይነዳል፣ ማታ ልጆቹ ይተነፍሱታል። ከእሱ በላይ ሁለቱንም የሚያውቅ ማን አለ? ቦርዱ ላይ ቢቀመጥ ማጣሪያውን ይቃወም ነበር ብዬ አላምንም። «ገንዘቡ ከማን ኪስ ይወጣል?» የሚለውን ግን ሕጉ ከመጽደቁ በፊት ይጠይቅ ነበር። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ የሚባለው ለዚህ ነው።

«ሁሉም ወንበር ከያዘ ቦርዱ ገበያ ይሆናል» የሚል ይኖራል። ሁሉም ይቀመጥ አላልኩም። የባለሙያዎቹ ወንበር ይቆይ፤ የእጩዎቹን ዝርዝር ግን ከገዥው ቢሮ ውጭ ያለ የሙያ አካል ያቅርበው። ከ6ቱ የወረዳ ወንበሮች ቢያንስ ሁለቱ፣ በ2017ቱ የማኅበረሰብ አየር ጥበቃ ሕግ መሠረት ለተለዩት ሰፈሮች ነዋሪዎች በዙር ይሰጡ። ዌስት ኦክላንድ ከእነዚህ አንዱ ነው። ስብሰባውም በሥራ ቀን ጠዋት መሆኑ ይቅር፤ በሰዓት የሚከፈለው ሰው በዚያን ሰዓት መሪ ላይ ነው። 14 ወንበር ባለው ቦርድ ሁለቱን ለተጎጂ ሰጥቶ «ወክለናችኋል» ማለት፣ ድግስ ጠርቶ በር ላይ እንደ ማስቀመጥ ነው።

ወገኖቼ ደግሞ «እኛን ምን አገባን፣ የነሱ ፖለቲካ ነው» ስትሉ እሰማለሁ። ኧረ ያገባናል! ቦርዱ ፊት ቀርቦ ለመናገር ዜግነት አይጠየቅም። የ580 ኮረብታ ሰዎች የዛሬ ስድሳ ዓመት ገደማ ተናግረው፣ ዛሬም መስኮታቸውን ከፍተው ይተኛሉ። እኛ 880 ዳር ያለነው በዝምታችን ምን አተረፍን? ጠዋት የመስኮቱን ጠርዝ በጣታችሁ ጠረግ አድርጋችሁ እዩት።