ስለ ጎልፍ ሜዳና ስለ አጥር

ሰሞኑን በዶርምም በካፌ ሰልፍም የተያዘው ክርክር ስለ ጎልፍ ነው። «ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ አላት፣ ኢንዱስትሪ ፓርክ አላት፤ የቀራት ለእንግዳ የሚሆን የሕዝብ ጎልፍ ሜዳ ነው» ይላሉ አንዳንድ ጓዶቻችን። እንዴ! ደሴና ኮምቦልቻ የቀራቸው ይኼ ብቻ ነው? መጀመሪያ ሳቅን። ኋላ ግን «የሕዝብ» የምትለዋ ቃል ከነከነችን።

እስቲ በልክ እንነጋገር። አሥራ ስምንት ጉድጓድ ያለው ጎልፍ ሜዳ ከ50 እስከ 60 ሄክታር መሬት ይፈጃል። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ የመጀመሪያ ክፍል 75 ሄክታር ነው። አንድ የእግር ኳስ ሜዳ ደግሞ አንድ ሄክታር እንኳ አይሞላም። ደሴ በጦሳና በአዝዋ መካከል ተጣብቃ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ልጆቿ ኳስ ሲመቱ ኳሷ ቁልቁል ተንከባላ ሰው ግቢ ትገባለች። ሐረጎን ወርደን ኮምቦልቻ ስንደርስ መሬቱ ሰፋ ይላል፤ እሱንም ፋብሪካው፣ ቤት ሠሪውና ገበሬው ይሻሙበታል።

የጎልፍ ደጋፊዎች ስኮትላንድን ይጠቅሱብናል። ይጥቀሱ! የሴንት አንድሩስ ሜዳ የከተማው ሰው የጋራ መሬት ነበር፤ በግ የሚግጥበት፣ ሰው የሚንሸራሸርበት። በ1797 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የከተማው ምክር ቤት ዕዳ ሲበዛበት መሬቱን ለነጋዴ አሳልፎ ሰጠ። ነጋዴዎቹ ጥንቸል አረቡበት፤ ሜዳው በጥንቸል ጉድጓድ ተበሳሳ። ጠቡ ከሜዳው አልፎ ፍርድ ቤት ደረሰ። ከተማው መሬቱን በፓርላማ ሕግ መልሶ የያዘው በ1894 ነው። ዛሬም በመደበኛው እሑድ በዚያ ሜዳ ጎልፍ የለም፤ ነዋሪው ከነልጁ፣ ከነውሻው ይሄድበታል። ጓዶቻችን ስኮትላንድን ሲጠሩ ይቺን እሑድ ለምን ይዘሏታል?

በእኛ አገር ጎልፍ ከአጥር ጀርባ ነው የታየው። አጼ ምኒልክ ለእንግሊዝ ሌጋሲዮን በሰጡት ሰፊ ግቢ ውስጥ ዘጠኝ ጉድጓድ ተቆፈረ። የአዲስ አበባ ሰው ያየው ዘበኛውን ነው። የገናን ጨዋታ አስቡ እንግዲህ! ዱላና ሩር እኛም አለን። አባል መሆን አይጠየቅም፣ ዱላው ከጫካ ይቆረጣል፣ ጌታና ሎሌ እኩል ይጋፋሉ። የሚያስፈልገው ያልታጠረ ሜዳ ብቻ ነው፤ እሱ ነው እየጠፋ ያለው።

«ጎልፍ የመሳፍንት ጨዋታ ነው፣ ይከልከል!» የሚሉትንም አንደግፍም። የስኮትላንድ ፓርላማ በ1457 ጎልፍንም እግር ኳስንም ቀስት መወርወር አስተዉ ብሎ ከልክሎ ነበር፤ ሰው ግን መጫወቱን አልተወም። ዱላው ምን በደለን?

ሐምሌ 1967 በወጣው አዋጅ የከተማ ቦታ የመንግሥት ሆነ፤ ሕገ መንግሥቱም መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። በ2004 የወጣው የሊዝ አዋጅ ደግሞ ጨረታን ዋና መንገድ አደረገ። ሕፃን ልጅ ጨረታ አይገባም፤ ስለዚህ በጨረታ የሚሸነፈው ሁልጊዜ የኳስ ሜዳው ነው።

እኛ የምንለው ይኼን ነው። በሁለቱ ከተሞች የቀሩት ሜዳዎች መጀመሪያ ይለኩ፣ ካርታ ይውጣላቸው፣ ነዋሪው ያለ ክፍያ የመግባት መብቱ በጽሑፍ ይስፈር። ከዚያ በኋላ ጎልፍ ባዩ ወገን ይምጣና ያስረዳን። በሳምንት ስንት ቀን ሜዳው የልጆች ይሆናል? ሣሩን የሚያጠጣው ውሃ፣ እናቶቻችን ጀሪካን ደርድረው በሚጠብቁበት ከተማ፣ ከየት ይመጣል? የገበሬው ልጅስ ይጫወታል ወይስ የሰው ዱላ ተሸክሞ ይከተላል?

መልስ ያለው ጓድ ለሚቀጥለው እትም ይጻፍልን። ሁለት ገጽ ባዶ እንተውለታለን።